ያላወቅሁት ግሥ

ደባርቅ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የምኖረው ጨርቅ እየሸጡ የሚተዳደሩ አንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ፣ በተከራየሁት ክፍል ነው። ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ መደወል ልማዷ ነው። አንድ ጊዜ ድምፅዋ ጠፍቶ ሲሰነብት፣ እናትየው ስልካቸውን ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ።

«የአሠሪዋ ቁጥር ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ ጠይቂልኝ፣ ልጄ።»

ደወልሁ። አንዲት ሴት አነሳች። የልጅቱን ስም ስጠራ በቁጣ «ሺ አብስኮንድድ» አለችኝ። እንድትደግምልኝ ለመንኋት። ደገመችና ዘጋችብኝ።

ቃሉን አላውቀውም። ግሥ መሆኑና ኃላፊ ጊዜ መሆኑ ግን ገብቶኛል። ልጅቱ ላይ የደረሰው ነገር ደርሶ አልቋል ማለት ነው።

እናትየው ከንፈር ከንፈሬን ያያሉ። «ሞታለች?»

«እንደሱ አላለችም፣ እማማ። ያለችውን ቃል ግን አላውቀውም።»

«አንቺ ካላወቅሽው ማን ሊያውቀው ነው?»

ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል። መዝገበ ቃላት ያለው ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ይቆዩኝ ብላቸውም እሺ አላሉም፤ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ተከተሉኝ። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። እየሄድን «አብዳክት» የሚለው ግሥ ትዝ አለኝ፤ መጥለፍ። በደንብ ሳልሰማት ቀርቼ ቢሆንስ? ለእሳቸው አልተነፈስሁም።

ጥበቃው ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተልን። ቃሉን አገኘሁት፤ በድብቅ ጠፍቶ መሄድ፣ በተለይ ከሕግ ወይም ከኃላፊነት ለማምለጥ። ምሳሌው ከወህኒ ቤት ስላመለጠ ሰው ይናገራል። እንዳለ ተርጉሜ ነገርኋቸው።

«ልጄ እስረኛ ነበረች እንዴ?»

«አይደለም። ኮብልላለች ማለቷ ነው።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «በእግሯ ወጥታ ነው?»

«አዎ።»

«ወዴት?»

መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እኔም ከአዲ አርቃይ፣ ከባሌ ቤት ኮብልዬ ነው እዚህ የወጣሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ መንገዱን አውቀው ነበር። እሷ የማንን አገር መንገድ ታውቃለች?»

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን። ሱቃቸውን ከፍተው ደንበኛ ሳያስተናግዱ መልሰው ይዘጉታል። እኔም ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሐሳቤ ሳላውቀው እሷ ዘንድ ይሄዳል። ተይዛስ ቢሆን? መኪና ውስጥ አስገብተዋትስ?

አንድ ቀን ከሰዓት በማናውቀው ቁጥር ተደወለ። እናትየው ማንሳት ፈርተው ለእኔ ሰጡኝ። ልጅቱ ነበረች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ካገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተደብቃለች፤ ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ ቀርቷል፤ በር ሲንኳኳ መብራት አጥፍተው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

«እትዬ፣ ሴትዮዋ ምን አለቻችሁ?» አለችኝ።

«ኮበለለች አለችን።»

«በር ትቆልፍብኝ እንደነበረስ ነገረቻችሁ?»

«አልነገረችንም።»

እናትየው ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። መጀመሪያ የጠየቋት እህል መቅመሷን ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ልጅቱ ከኤምባሲ የመመለሻ ወረቀት አግኝታ፣ የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዛ ከጎንደር አውቶቡስ ወረደች። እኔም እናትየውም መናኸሪያ ቆመን ነበር። ከስታ ስለነበር መጀመሪያ አላወቅናትም።