የማታው ቁጥር የማን ነው?

እማማ ሀሚዳ በነገሌ ቦረና ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ይዘው ልጆች አሳድገዋል። ደንበኛ ሲገባ "አካም፣ ናጋ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይላሉ፤ ሰውየው በአማርኛ ከመለሰ በአማርኛ ይቀጥላሉ፤ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው ሱቃቸውን ይከፍታሉ።

ትልቋ ልጃቸው ፈርሃና ዶሎ ኦዶ በእርዳታ ድርጅት ስለምትሠራ በቅርብ ልትከታተላቸው አትችልም። ባለፈው ዓመት ለዒድ ስትመጣ ክንድ ላይ የሚጠመጠም የግፊት መለኪያ ይዛ መጣች። መለኪያው ከስልካቸው ጋር ተገናኝቶ፣ የለካውን ቁጥር ሐዋሳ ላለች ቅድስት ለምትባል ነርስ በራሱ ይልካል። ቅድስትም እየደወለች ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ እግር ጉዞ ትመክራለች።

"ጠዋት ትለኪያለሽ፣ ማታም አንድ ጊዜ ይለካ" ብላ ፈርሃና መኪናዋ ላይ ወጣች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቅድስት ድምፅ ተለወጠ።

"እማማ፣ የጠዋቱ ጥሩ ነው። የማታው ግን በጣም ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ የሚያናድድዎት ነገር አለ?"

"ማን ያናድደኛል ልጄ? ገዢ ሲከራከረኝ ደስ ነው የሚለኝ።"

"ጨውስ?"

"ትቼዋለሁ።"

እውነትም ትተው ነበር፤ ሾርባቸው ውሃ ውሃ ይል ጀምሯል። የማታው ቁጥር ግን አልወርድ አለ። ቅድስት ሐኪም አማክራ የኪኒኑን መጠን አስጨመረች። ከዚያ ወዲህ እማማ ሀሚዳ ጠዋት ሲነሱ መሬቱ ይዞርባቸው ጀመር። አንድ ቀን ጨርቅ እየለኩ ሳለ ዓይናቸው ጨለመና ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

"ይሄ እኮ ዝቅ ያለ ነው" አለ የለካቸው ባለሙያ።

ማታ ቅድስት ደውላ "ዛሬም ከፍ ብሏል" አለቻቸው።

የትኛውን ይመኑ? ክንዳቸውን እያገላበጡ ያዩታል። ጠዋት አንድ ሰው፣ ማታ ሌላ ሰው የሆኑ መሰላቸው። ፈርሃና ከዶሎ ኦዶ እየደወለች እንዲያርፉ ስትለምናቸው ከሰዓት በኋላ ሱቁን መዝጋት ጀመሩ። ቤት ቁጭ ብለው እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ያም ሆኖ የማታው ቁጥር ያው ነበር።

አመሻሽ ላይ ጎረቤታቸው ስንቄ ትመጣለች። የጡረተኛው የሃምሳ አለቃ ደሳለኝ ባለቤት ናት፤ ባሏ በነገሌው ጦር ሠፈር ሲያገለግል ከደጋ አብራው መጥታ እዚሁ ቀርታለች። አንድ ማታ እንደልማዷ ተቀምጣ ሳለ እማማ ሀሚዳ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ወጡ። ስልኩ ጮኸ። ስንቄ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችላቸው።

"እማማ፣ አሁን የገባው ቁጥር አስፈሪ ነው። ደረትዎን ያምዎታል? ተቀምጠዋል?"

"እኔ ጓሮ ነኝ፤ እየታጠብኩ ነው" ብለው እማማ ሀሚዳ ከውጭ ጮኹ።



"ታዲያ መለኪያው ማን ክንድ ላይ ነው ያለው?" አለች ቅድስት።

"ስንቄ ክንድ ላይ ነዋ። ማታ ማታ እሷ ናት የምትለካው።"

"ለምን?"

"ይለካ ተባልኩ፤ ማን እንደሚለካ የነገረኝ የለም። ማታ ላይ እኔ ለሶላት እጣደፋለሁ፣ እሷ ደግሞ ክንዷን ጨመቅ ሲያደርጋት ደስ ይላታል።"

ስልኩ ቀኑን ሙሉ ኪሳቸው ውስጥ ስለሚውል፣ መለኪያው ማንም ክንድ ላይ ቢታሰር የሚናገረው ሁሉ ስለ እሳቸው ሰውነት መስሏቸው ነበር። ስንቄ መለኪያውን ከክንዷ ላይ ቀስ ብላ ፈታች።

"እራሴን የሚፈልጠኝ የነገሌ ፀሐይ ነው እያልኩ..." አለች፤ አልጨረሰችውም።

ያኔውኑ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት። ግፊቷ ከፍተኛ ነበር፤ ስትታከም አደረች፣ ኪኒንም ተጀመረላት። እማማ ሀሚዳ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ደስ ይበላቸው ወይስ ይዘኑ አላወቁም። በሽታው የእሳቸው ስላልሆነ ቀለል አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ በዚያ አፈሩ።

"እትዬ፣ የእኔን ጨው እርስዎ ጾሙልኝ" አለች ስንቄ ፈገግ ብላ።

የእማማ ሀሚዳ ኪኒን ወደ ድሮው መጠን ተመለሰ፣ ማዞሩም ተዋቸው። ሱቃቸውንም ከሰዓት በኋላ መክፈት ጀመሩ። ስንቄ የራሷን ክትትል በራሷ ስም ጀመረች። እማማ ሀሚዳም ማታ ላይ የገዛ ክንዳቸውን ለኩ። ቁጥሩ እንደ ስንቄ ከፍ ያላለ፣ እንደ ጠዋቱም ዝቅ ያላለ፣ ግራ የሚያጋባ ሆነ።

"ደህና ነኝ ማለት ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"በአንድ ማታ አይታወቅም እማማ። እስካሁን የማታውን የእርስዎን ግፊት አይቼው አላውቅም እኮ" አለች ቅድስት።

"እሺ ልጄ" አሉ። ደህና ነዎት ወይም አይደሉም ስላልተባሉ፣ ምን ላይ እሺ እንዳሉ ግን ለራሳቸውም አልገባቸውም።