ዳገት ላይ የሚረዝም ሰላምታ

አባቴ ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሰላምታው አጭር ነበር፤ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ባለፈው ዓመት ግን ተለወጠ። ከመቱ ገበያ ወደ ቤታችን በሚወስደው ዳገት ላይ ያገኘውን ሁሉ እያቆመ፣ "አካም ጂርቱ? ኢጆሌን ነጋ?" ብሎ በኦሮምኛ ከልጆቹ ደህንነት ጀምሮ እስከ ላሟ ድረስ ይጠይቅ ጀመር። ሰዉ፣ "ጋሼ እያረጁ ጨዋታ ተማሩ" አለ። እኔም "የቀበሌ ምርጫ ልትወዳደር ነው?" እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ወደ ሆስፒታሉ የልብ አልትራሳውንድ ክፍል የገባነው የደም ግፊቱን የለካችው ነርስ ደረቱን ስታዳምጥ ያልተለመደ ድምፅ ሰምታ ስለላከችን ነው። በየወሩ ከጅማ የሚመጣው ሐኪም አባቴን በግራ ጎኑ አስተኝቶ፣ መሣሪያውን ደረቱ ላይ እያንሸራተተ ለረጅም ጊዜ ለካ።

"የልብዎ የመግፋት አቅም ስልሳ በመቶ ነው" አለ በመጨረሻ።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። "ስልሳ? ለጥቂት ነው ያለፍኩት ማለት ነው።"

"የለም ጋሼ፣ ይሄ ጤናማ ነው። ከመቶ መቶ የሚያመጣ ልብ የለም። ችግሩ በሩ ነው። ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት ቫልቭ በጣም ጠቧል፤ በዚያ ለማስወጣት ሲታገል የልብዎ ግድግዳ ወፍሯል።" ወንበሩን ጠጋ አደረገ። "አሁን የሚወስነው የሚሰማዎት ነገር ነው። ድካም፣ የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ካለ ቫልቩ ቶሎ መቀየር አለበት፤ አዲስ አበባ እልክዎታለሁ። ከሌለ በየስድስት ወሩ እየለካን እንጠብቃለን። ዳገት ሲወጡ ይደክምዎታል?"

"ኧረ ምንም። እግዚአብሔር ይመስገን።"

ሐኪሙ ብዕሩን አነሳ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ ሰው የሚያቆመው ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሲወርድ ዛሬም ባርኔጣውን ነክቶ ያልፋል። አንድ ነገር ይጠይቅና ሌላው ሲያወራ እሱ ይተነፍሳል። ያ ሁሉ ጨዋታ እረፍት ነበር፤ እኔ ሞኟ ስስቅበት ከረምኩ። በራሴ ተናደድኩ።

አባትን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ እኛ ቤት ነውር ነው። ወልጄ ከብጄ እንኳ አልደፍረውም። ሐኪሙ የስድስት ወሩን ቀጠሮ መጻፍ ሲጀምር ግን ፍርሃቱ ከነውሩ በለጠብኝ።

"ዶክተር፣ ይደክመዋል" አልኩ። ሰላምታውንም ዳገቱንም ዘረገፍኩት።

ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረ። "ጋሼ፣ ልጅዎ ያለችው እውነት ነው?"

አባቴ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። ዳግመኛ የማያናግረኝ መሰለኝ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ "ድካሙንስ ተወው" አለ። "ሁለት ጊዜ ራሴን ስቼ ወድቄያለሁ። አንደኛው ጊዜ የእሷን ልጅ ታቅፌ ነበር።"