ጣሂር የቆጠረው የካቲት

ፈርሃና ስትናደድ አትጮኽም፤ ዕቃ ትወለውላለች። ካምፓላ፣ ኪሱጉ ሰፈር ያለችው ትንሽ ሱቋ ውስጥ ሽሮው፣ ምስሩና የዘይት ጀሪካኑ አቧራ የማያውቁት እሷ ጽዱ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የሚያናድዳት ነገር ስለማይጠፋም ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ንዴት አልነበረባትም። የአሥር ወር ልጇን ኢስሀቅን አዝላ፣ የክሊኒክ ካርዷን ከሻይ ቆርቆሮው ውስጥ አውጥታ ለመሄድ ተነሥታለች። ግድግዳው ላይ ከኮምቦልቻ በመንገደኛ የመጣላት የኢትዮጵያ ካላንደር ተሰቅሏል፤ የካቲት ስድስት በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። የከበበው ባሏ ጣሂር ነው። ከሦስት ወር በፊት የእርግዝና መከላከያ መርፌ ተወግታ ስትመለስ፣ ካርዱ ላይ ቀጣዩ ቀጠሮ «ፌብሯሪ 6» ይል ነበር። እሷ በኛ አቆጣጠር መቼ እንደሚውል ልታሰላ ስትል ጣሂር ሳቀባት።

«ፌብሯሪ ማለት የካቲት ነው! ለዚህ ነው እንዴ አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማርሽው?»

ካትዌ ሰፈር የብረት በር የሚበይድ ሰው ነው፤ በሥራው ለግማሽ ጣት ስሕተት ይጣላል። እሷም አመነችው።

ጎረቤቷ እትዬ ያለምወርቅ ሱቁን ሊጠብቁላት መጡ። ካርዱን ተቀብለው በመነጽራቸው ላይ አዩት፤ ከዚያ ስልካቸውን አዩ።

«ቀጠሮሽ መቼ ነው ያልሽኝ?»

«ዛሬ ነዋ፣ የካቲት ስድስት።»

«የኛ የካቲት ስድስት እኮ የነሱ ፌብሯሪ አሥራ ሦስት ነው። አንቺ ልጅ፣ ሰባት ቀን አልፎሻል!» ደረታቸውን መቱ። «አለቀልሽ! መርፌ አንድ ቀን ካለፈ አለቀ ነው። የወር አበባሽስ?»

«ከተወጋሁ ወዲህ አልመጣም።»

«በቃ! ይኸው! ቅጠል የምታፈላ ሴት አውቃለሁ፤ ዛሬውኑ…»

ፈርሃና ካርዱን ከእጃቸው ቀማች። አምና ኢስሀቅን ስትወልድ ደሙ አልቆም ብሏት ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷታል። ሐኪሙ ጣቱን ቀስሮ «ሁለት ዓመት ሳትቆዪ እንዳታረግዢ» ብሏታል። ሌላዋ ሴት እርግዝና ስትፈራ የልጅ ወጪ ይታያታል፤ እሷ የሚታያት ያ ቀይ አንሶላ ነው።

«እትዬ፣ ሆዴ የማንም ቅጠል መሞከሪያ አይደለም» አለች። ለጣሂር ደወለች። ከጀርባው ብረት ይፈጫል።

«ፌብሯሪህና የካቲትህ አንድ አይደሉም። ሳምንት አልፎኛል።»

«አቦ፣ ሳምንት ምን አላት? ቢሆንስ? የኢስሀቅ ወንድም ይሆናላ! ረመዳን ሊገባ ሲል ሪዝቅ ነው…»

ስልኩን ዘጋችው። ወንድም! ደሙ ሲፈስ ውጭ ኮሪደር ላይ ቆሞ የነበረው ሰው ነው ወንድም የሚለው። ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጥታ፣ መንገዱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ሄደች። አንድ ጊዜ በጣሂር፣ አንድ ጊዜ በራሷ፣ አንድ ጊዜ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት በሚሰጥ ካርድ ተናደደች። የሚወለወል ነገር ስላልነበረ የኢስሀቅን እግር ደጋግማ ጠረገች።

ነርሷ ካርዱን አይታ ምንም አልደነገጠችም።

«ሳምንት ነው የዘገየሽው? ክንድሽን ስጪኝ።»

«እርጉዝ ብሆንስ?»

«ኛቦ፣ ስሚኝ» አለች ነርሷ፣ በአገሩ ወግ «እመቤት» ብላ እየጠራቻት። «መርፌው እንደ ወተት በቀኑ አይበላሽም። እስከ አራት ሳምንት ብትዘገዪ እንኳ መከላከሉን አያቆምም። ልማድ አታድርጊው እንጂ፣ ለሰባት ቀን ምርመራም አያስፈልግሽም።»

«የወር አበባዬስ? ጠፍቷል እኮ።»

«ያስቀረው መርፌው ነው። ብዙ ሴት ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ አረገዝሽ ማለት አይደለም።»

«ከአራት ሳምንት ቢያልፍስ?»

«ያኔም ትመጫለሽ። እንመረምርሻለን፤ እስክትመጪ በኮንዶም ትጠነቀቂያለሽ። ቤት ተቀምጠሽ አታልቅሺ፤ በራችን አይዘጋም።»

መርፌው ገባ። ፈርሃና እፎይ ማለት ነበረባት፤ ይልቁንም ንዴቷ አሁን ገነፈለ።

«ይህን ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገራችሁኝም? ዛሬ ጠዋት ቅጠል ሊያጠጡኝ ነበር! ሌላዋ ብትሆን ትጠጣ ነበር!»

«ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር…»

«ሰልፉ ከደም አይበልጥም! ጻፊልኝ። እዚህ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፊልኝ።»

ነርሷ አየቻት፤ ከዚያ እስክሪብቶ አነሣች። «እስከ አራት ሳምንት ቢዘገይም ይሰጣል። የወር አበባ መቅረት በመርፌው ነው።» ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፈችና፣ ካርዱን ስትመልስላት «ለሌሎቹም እጽፋለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

እትዬ ያለምወርቅ ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። ፈርሃና የካርዱን ጀርባ ተረጎመችላቸው።

«አይ እኔ… እኛ የሰማነው እንዲያ ነበር» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«የሰሙትን ለእኔ ነገሩኝ፤ ይህንንም ለሌላው ይንገሩ።»

ጣሂር ከካትዌ ሲመጣ ከመንገድ የገዛውን፣ ሮሌክስ የሚሉትን የቂጣና የእንቁላል ጥቅል ትኩስ እንደሆነ ይዟል፤ እንቁላሉ ከቻፓቲው ጠርዝ ወጥቷል። ፈርሃና አልተቀበለችውም። ሚዛኑን እየወለወለች ካርዱን ወደ እሱ ገፋችው።

«ሜይ 15። በኛ መቼ ነው?»

«ግንቦት አ…» ፊቷን አይቶ ዋጠው።

«ቁጠር።»

ስልኩን ካላንደሩ ሥር አስደግፎ፣ በጥቀርሻ በጠቆረ ጣቱ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። አላገዘችውም።

«ግንቦት ሰባት» አለ በመጨረሻ።

«ክበበው።»

ከበበው። ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ፈርሁዬ፣ ያን ወንድም ያልኩት… ደሙን ረስቼው አይደለም። ወላሂ፣ መፍራቴን እንዳታውቂብኝ ብዬ ነው። አፉ በይኝ።»

«ግንቦት ሰባት እኔ ክሊኒክ ነኝ» አለች። «አንተ ከሥራ ትቀርና ኢስሀቅን አዝለህ ሱቅ ትውላለህ። አፉታህን ያን ቀን ጠይቀኝ።»

ከዚያ ሮሌክሱን ለሁለት ቆረሰችው።