ሴት ያረደችው አጋዘን

የወይንሐረግን የሚያውቁ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ እሷ ያረደችውን የበሉና የበሉትን የሚያሙ። ቤተክርስቲያን ሲገናኙ ይሳሳማሉ፤ ሐሜቱ የሚጀመረው መኪና ውስጥ ከተገባ በኋላ ነው። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ትውላለች። በአደን ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጀርመንታውን ወዲያ፣ የአንድ ፈረንጅ እርሻ ዳር፣ ዛፍ ላይ በታሰረች ወንበር ላይ ትገኛለች። ጋቢዋን ከውስጥ፣ ሕጉ ያዘዘውን ብርቱካናማ ሰደርያ ከላይ ትደርባለች። ጭኗ ላይ ክሮስቦው የሚባለው ባለ ቃታ ቀስት አለ። እንዲህ ሆና ያያት ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ! አጋዘኖቹ አልሳቁም።

አደኑን ወደ ቤቱ ያመጣው ባሏ ኪራኮስ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበር። የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ሲያስጠላቸው ገጠር ወጥተው እርሻው ጥግ ያለችውን ትንሽ ቤት ገዙ። ጎረቤታቸው ሽማግሌው ገበሬ ዋልተር፣ "አጋዘን አኩሪ አተሬን በልቶ ጨረሰኝ፤ ከቻልክ ግደልልኝ" አለው። ኪራኮስ ይህን ሰምቶ እንዴት ይተኛ! የአደን ኮርስ ወስዶ፣ ፈቃዱን አውጥቶ፣ በዚያው ዓመት አዳኝ ሆነ።

ቤታቸውም የአዳኝ ቤት ሆነ። ጋራዡ መኪና ማየት ከተወ ቆይቷል፤ ከጣሪያው መንጠቆ ይንጠለጠላል፣ ጥጉ ላይ ትልቅ ፍሪዘር ይጮኻል፣ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ ላይ ቋንጣ ይደርቃል። ልጃቸው ማኅደር ሃይስኩል እያለች ጓደኞቿን ቤት ማምጣት ያቆመችው፣ አንዷ መታጠቢያ ቤት ፍለጋ የጋራዡን በር ከፍታ እየጮኸች ከሮጠች በኋላ ነው። ቆዳ የምትገፈው፣ ብልት የምታወጣው፣ ሽንጡን ለጥብስ ታፋውን ለቋንጣ የምትለየው የወይንሐረግ ነበረች። "ጮማ የለውም፤ በቅቤ ካላሹት ይደርቃል" ትላለች፤ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም።

አንድ ነገር ብቻ የኪራኮስ ነበር። አጋዘን ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ ስለዚህ ይበላል። ቀስት የጨረሰው ግን በክት ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ተደርሶ፣ በስመ አብ ተብሎ በቢላዋ መታረድ አለበት። ኪራኮስ ቀስቱን ከለቀቀ በኋላ ከዛፍ አወራረዱን ማየት ነበር! ያን የሚያህል ሰውዬ ቢላዋውን ይዞ በእርሻው መሃል ሲሮጥ ዋልተር በረንዳው ላይ ቆሞ ያጨበጭብለት ነበር። ማጨብጨቡ ያለምክንያት አይደለም፤ ኪራኮስ ያልደረሰበት አጋዘን ለዋልተር ነው። እሱ ምን ገዶት!

እንዲህ ሆኖ በየዓመቱ በጾመ ነቢያት ታድኖ ፍሪዘር የገባው ሥጋ ገና ሲደርስ ይወጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከፎልስ ቸርች፣ ከአሌክሳንድሪያ ዘመድ ወዳጁ ተጠራርቶ እነሱ ቤት በአጋዘን ጥብስ ይፈስካል። ኪራኮስ ከማዕዱ ራስ ተቀምጦ፣ ያላጎረሰው ሰው እንዳይቀር ዓይኑ እየዞረ፣ አገር የገዛ ይመስለው ነበር።

አምና ሚያዝያ ላይ ስትሮክ መታው። እግሩ በከዘራ ተመለሰ፣ አንደበቱም ቀስ እያለ ተፈታ፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ ተንጠለጠለች ቀረች። ሰው ፊት በግራ እጅ መብላት ደግሞ ለኪራኮስ ከሞት አይሻልም። ከዚያ ወዲህ የሚበላው ጓዳ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የወይንሐረግ እያጎረሰችው ነው። እንግዳ ሲመጣ "በልቻለሁ" ይላል። ማኅደር ሹካ ገዝታለት ነበር፤ አላየውም።

መስከረም ላይ፣ "ገናው ዘንድሮ ይቅር" አላት።

"ለምን ሲባል?"

"ማን ያድናል? ማንስ ያበላል?"

 የወይንሐረግ ነገሩ ገብቷታል። ይህ ገና ከቀረ የሚቀረው ጥብሱ አይደለም። ኪራኮስ ከዚያ ጓዳ ላይወጣ ነው። ሰውም መምጣቱን ይተዋል፣ እሱም መጠበቁን ይተዋል፣ ቤቱም ሰው ያለበት ባዶ ቤት ይሆናል። ደሟ ፈላ። በስትሮኩም፣ በእጁም፣ በግራ እጅ ነውረኝነትም ላይ ፈላ። በማግስቱ የአደን ኮርስ ተመዘገበች።

ጓሮ ውስጥ የገለባ እስር አቁማ ልምምድ ስትጀምር ኪራኮስ ወንበር አስወጥቶ ጮኸባት። "ትንፋሽሽን ያዢ! ቃታውን አትንጪው፣ ሳቢው! አይ አንቺ ሴትዮ፣ የጎረቤት ውሻ ልትገድይ ነው!" ከሚያዝያ ወዲህ እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ስለዚህ እያወቀችም ትስት ነበር።

ኅዳር ሲገባ ገለባውን መሳት አቆመች። ኪራኮስም ሲፈራው የቆየውን ጥያቄ አወጣው። "መምታቱንስ ትመቺ። ማን ያርዳል?"

ሴት አታርድም። ዶሮ እንኳ ቢሆን በር ላይ ቆማ ወንድ ትጠብቃለች። የወይንሐረግ ያንን ሁሉ ዓመት ስትገፍ፣ ስትበልት፣ ስትሠራ ማንም ቃል አልተናገረም፤ ያቺ አንዲት የቢላዋ ምት ግን የወንድ ናት። ተመካከሩና የኪራኮስን ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ጸጋዬን፣ አሌክሳንድሪያ ደወሉላቸው። ጋሽ ጸጋዬ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በልጅነታቸው የደቆኑ፣ በዘመድ መሃል ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። "ይሄማ የኔ ሥራ ነው! ቅዳሜ በጠዋት እዚያ ነኝ" አሉ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የወይንሐረግ ዛፏ ላይ ነበረች። ኪራኮስ ከእርሻው ጥግ ፒክአፑ ውስጥ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። ዛፍ ከመውጣቷ በፊት ለጋሽ ጸጋዬ ደውላ ነበር።

"መንገድ ላይ ነኝ" አሏት።

እኛ ሰዎች መንገድ ላይ ነኝ ስንል የት እንደሆንን ሁሉም ያውቃል። የወይንሐረግም ታውቃለች። ከስልኩ ውስጥ የገላ መታጠቢያ ውሃ ሲወርድ ሰምታለች። የታላቅ ነገር ሆኖባት ግን አመነች።

ፀሐይ ወጣች። አንዲት ሙክት የምታክል እንስት አጋዘን ከጫካው ወጥታ የታጨደው አኩሪ አተር መሃል ቆመች። የወይንሐረግ ወደ መንገዱ አየች፤ የመኪና አቧራ የለም። ብትተዋት ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች። ትንፋሿን ያዘች፣ ቃታውን ሳበች።

አጋዘኗ ዘለለች፣ ትንሽ ሮጠችና ከእርሻው ዳር ወደቀች። የወይንሐረግ ከዛፉ ወርዳ ስትደርስ የአጋዘኗ ጎን ገና ከፍ ዝቅ ይላል። ስልኳን አወጣች።

"ጋሽ ጸጋዬ፣ የት ደረሱ?"

"የቤልትዌዩን መንገድ ትራፊክ ዘግቶታል እኮ! ጠብቂኝ!"

ኪራኮስ ከፒክአፑ ወርዶ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል። ወጣ ገባ በሆነው እርሻ ላይ መምጣት አይችልም። "ደረሰ?" ብሎ ጮኸ።

"ማን ይደርሳል!"

"ታዲያ በክት ልትሆን ነው!"

የወይንሐረግ አጋዘኗን አየቻት። ይህች ፍጥረት ጣር ይዟት ሳለ እሷ ቆማ ወንድ ልትጠብቅ ነው? እስኪታጠብ? እስኪለብስ? የኪራኮስን ቢላዋ ከመታጠቂያዋ አወጣች። ተንበረከከች፣ የአጋዘኗን አንገት ወደ ምሥራቅ መለሰች፣ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለች። ድምጿ እንዲሰማ ጮክ ብላ ነው ያለችው። አረደቻት። ከዚያ ቢላዋውን ሳሩ ላይ ጠረገች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኪራኮስ፣ "ጋሽዬ ከጠየቀ እኔ ነኝ ያረድኩት እንላለን" አለ።

"በየትኛው እጅህ?"

አፏ ቀደማት። ፊቱ ሲለወጥ አይታ አዘነች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። "አልዋሽም፣ ኪራኮስ። ዋሽተን ካበላናቸው ምኑን በሉልን? እኔ ነኝ ያረድኳት። የሚበላ ይብላ፣ የማይበላ ይተወው።"

ጋሽ ጸጋዬ በዚያ ቀን ጭራሽ አልመጡም። ማታ ደውለው ጎማ ፈነዳብኝ አሉ። አፍረው ይሁን ረስተው፣ ማን አረደ ብለው አልጠየቁም።

ገና ደረሰ። ሰዉ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ። ኪራኮስ እንግዶቹን ከወንበሩ ሳይነሳ ሳመና፣ ማዕዱ ሲቀርብ፣ "በልቻለሁ" ብሎ ጓዳ ገባ። የጾም ፍቺ ቀን የበላ ሰው የት አለ? ሁሉም ሰምቶ ወደ ማዕዱ ቀረበ። የወይንሐረግ ጥብሱን በትሪ አምጥታ ከማዕዱ ላይ አቀረበች።

ጋሽ ጸጋዬ ማዕዱን ባረኩና እጃቸውን ሊሰዱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "ለመሆኑ ያን ዕለት ማን አረደላችሁ? ፈረንጁ እንዳይሆን ብቻ!"

"እኔ ነኝ" አለች የወይንሐረግ።

የተዘረጋ እጅ ሁሉ ተሰበሰበ።

"አንቺ?"

"እኔ። በስመ አብ ብዬ፣ ነፍሷ ሳትወጣ።"

"የወይንሐረግ፣ ጤነኛ ነሽ? ሴት ያረደችውን ነው በገና ቀን የምታቀርቢልን? ከማን ቤት አየሽው?"

"ኦ ማይ ጋድ፣ አጎቴ!" አለች ማኅደር። "ሹት ያደረገችው እሷ፣ ክሊን ያደረገችው እሷ፣ የሠራችው እሷ! ዋትስ ዘ ፕሮብለም?"

"አንቺ ዝም በይ። በአማርኛ ስትናገሪ እመልስልሻለሁ።"

አንዳንዱ እንግዳ በዘዴ ወደ ዶሮ ወጡ ዞረ። የወይንሐረግ ይህን ስታይ በእጇ የቀረውን ባዶ ትሪ ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጋ አስቀመጠችው።

"ዶሮውንስ ማን አረደው?" አለች። "ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ ታሽጎ ነው የመጣው። ማን ባረከው? ማሽኑ በስመ አብ ይላል? ለዶሮው ያልጠየቃችሁትን ለኔ ጠየቃችሁ! ጋሽ ጸጋዬ፣ እኔ ጠብቄዎት ነበር። መንገድ ላይ ነኝ ሲሉኝ ውሃው እላይዎ ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። እንስሳዋ ደሟ እየፈሰሰ እርስዎን መጠበቅ አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም። ነውር ከሆነ ነውሩ የኔ ነው፤ ወስጄዋለሁ።"

 ያን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተ።

ኪራኮስ ከዘራውን ኳ ኳ እያደረገ መጣ። ከማዕዱ ራስ፣ ከዱሮ ቦታው ተቀመጠ። "ማኅደር፣ አስታጥቢኝ" አለ። ልጅቱ ማስታጠቢያውን ይዛ ሮጠች። ግራ እጁን ዘረጋላት፤ ታጠበ። ከዚያ ሁሉም እያየው፣ ባልለመደችው እጁ እንጀራውን ቆረሰ። ጥብሱ አመለጠው። ድጋሚ ያዘው። ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ።

"ያረደቻት ሴት ናት። የምበላው በግራ እጄ ነው" አለ። "ከዚህ የተረፈ ነውር ካላችሁ አምጡትና አብረን እንጨርሰው።"

ሁለተኛውን ሲጠቀልል ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ወደ የወይንሐረግ ዘረጋ። ከሚያዝያ ጀምሮ ያጎረሰችው እሷ ናት። ጎንበስ ብላ ከግራ እጁ ጎረሰች። እንባዋ ወረደ፤ ለመደበቅም አልሞከረች።

ሦስተኛውን ወደ ታላቅ ወንድሙ ዘረጋና ጠበቀ። እጁ በአየር ላይ ቀረች። ጋሽ ጸጋዬ እጂቱን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ። ዓይናቸውን እንደ ኮሶ ጠጪ ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። ጎርሰው አላመጡና፣ "ቅቤው አላነሰም" አሉ። ከዚያ በኋላ ጥብሱን ማን እንደጨረሰው አይታወቅም፤ ከማለቁ በስተቀር። ያልነካ የለም ማለት አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰው እስከ መጨረሻው ዶሮ ወጡ ላይ ሙጭጭ እንዳለ ቀርቷል። ዛሬም መኪና ውስጥ የሚያሙት እነሱ ናቸው።

ሲመሽ ጋሽ ጸጋዬ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ዝም ብለው መሄድ አልሆነላቸውም።

"ለከርሞ ግን እኔው መጥቼ ነው የማርደው፣ ሰምተሻል?"

"እሺ፣ ይምጡ ጋሼ" አለች የወይንሐረግ፣ በሩን ይዛ። "ከዘገዩ ግን አልጠብቅዎትም።"