በጥቅስ ምልክት መሃል የገባው ስም

ይህን ገጠመኜን አንብባችሁ ጊዜዬ ባከነ አትሉኝም፤ ቢያንስ አንድ ሙያ ትማሩበታላችሁ።

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ እኔ የምሠራበት ኢንተርኔት ቤት ነን። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው የወሎዋ ሐዋ፣ አገር ቤት ትታው የመጣችውን ወንድሟን መሐመድ ይመርን ፈልግልኝ አለችኝ። ስልክ ቁጥሩ ከጠፋባት ዓመታት አልፈዋል። ስሙን ብጽፍ የመሐመድ መዓት ተዘረገፈ።

"ወላሂ፣ አገሩ ሁሉ መሐመድ ነው እንዴ!"

"ቆይማ ሐዋ፣ ስሙን በጥቅስ ምልክት መሃል ስናስገባው፣ ቃላቱ አንድ ላይ የተጻፉበትን ብቻ ለቅሞ ያመጣል።"

ለቀመ፤ አሁንም መሐመድ ይመር ብዙ ነው።

"አንተ፣ ትምህርቱን ትተህ ወንድሜን አምጣ!"

"እሺ፣ እስቲ የራስሽን ስም እንሞክር፤ ምናልባት ስምሽን ጠቅሶ የጻፈ ይኖራል።"

ግራ ቀኙን አይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ሐዋ የፓስፖርቴ ስም ነው፣ ደላላው ነው ያወጣልኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ዘምዘም ነው፤ ዘምዘም ይመር አራጌ። እዚህ ማንም አያውቅም፤ እንዳትናገር።"

በጥቅስ አስገብቼ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ብቻ መጣ፤ ሐበሾች የሚጻጻፉበት መድረክ ነው። አነበብኩላት፦

"እህቴ ዘምዘም ይመር አራጌ ትባላለች፤ እሷን ፍለጋ ካርቱም ከመጣሁ ቆየሁ። ዴምን ቤት ለቤት ጠየቅኩ፤ በዚህ ስም የሚያውቃት አጣሁ። ያያችሁ፣ ካላክላ ገበያ ልብስ ሰፊው መሐመድ በሉና ንገሩኝ።"

ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። እሷ አንድ እግር ጫማዋን ጠረጴዛዬ ሥር ጥላ፣ መንገድ ላይ "ካላክላ! ካላክላ!" እያለች ሚኒባስ ታስቆማለች።

በሉ ተነሱና ስማችሁን በጥቅስ መሃል ጻፉ። እናታችሁ ያወጣችላችሁን!