የሀብትነሽ ዐሥር የባሕር ቃላት

ሀብትነሽ ባሕር አይታ አታውቅም። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ጥላ ሥር እንኳ ላብ በሚያጠምቅበት አገር፣ ሰሊጥ ማበጠር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ዋኘው ነው፤ እሱም ስሙ ይሁን ዕድሉ መራውና፣ ባሕር ዳር የመርከብ መካኒክነት ተምሮ ጃፓን ድረስ ሄዶ ቀረ። እዚያው አገባ፣ ሴት ልጅም ወለደ። ከዚያ ወዲህ ሀብትነሽ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺ የልጅ ልጇ አንድ ቀን አያቴ እንድትላት። ሌላማ ምን ቀራት እቴ? ስትወጣ የት ነሽ፣ ስትገባ እንዴት ዋልሽ የሚላት ሰው በቤቷ የለም።

የልጅቱ ስም ናጊሳ ነው። ዋኘው ትርጉሙን ሲነግራት "ባሕር ዳር እንደማለት ነው" አላት፤ እሷም ለተማረበት ከተማ መታሰቢያ ያደረገው መስሏት መረቀችው። የውኃ ዳርቻ ለማለት እንደሆነ ቢያስረዳ ቢያስረዳ አልገባ ሲላት ተወው።

መጀመሪያ በቪዲዮ የተያዩ ዕለት ናጊሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ልጅቱ ብቅ አለችና እጇን ወደ ኋላዋ እየዘረጋች "ኡሚ! ኡሚ!" አለች። ሀብትነሽ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። እንዴት አታልቅስ? ጎረቤቷ መጂዳ ጦርነቱ ከሱዳን ያፈናቀላት ሴት ናት፤ ልጆቿ "ኡሚ" እያሉ ነው የሚጠሯት፣ በዓረብኛ እናቴ ማለታቸው ነው። መተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሀብትነሽም የልጅ ልጄ እናቴ አለችኝ ብላ ለመጂዳ ነገረች፤ መጂዳ እልል አለች፤ በማግስቱ የሰሊጥ መጋዘኑ ሴቶች ሁሉ ሰሙ።

ሦስት ወር ሙሉ በዚያች ቃል ኖረች። ከዚያ ኔትወርክ በተገኘበት አንድ ቀን ዋኘውን በስልክ "ለመሆኑ ዓረብኛውን ማን አስተማራት?" ብላ ጠየቀችው።

"የምን ዓረብኛ እማዬ?" አለ እየሳቀ። "ኡሚ እኮ በጃፓንኛ ባሕር ማለት ነው። በመስኮቱ የሚታየውን ነበር የምታሳይሽ።"

ሀብትነሽም አብራው ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ራት ሳትበላ ተኛች፤ ለመጂዳም እስከ ዛሬ አልነገረቻትም። ሰው የተረፈውን ደስታ በገዛ አፉ አያፈርስ እንግዲህ።

እሷ ግን ተስፋ የምትቆርጥ ሴት አይደለችም፣ ግትር ናት። ሲደውል ጠብቃ "ልጅቱ ምን ትወዳለች?" አለችው። የባሕር እንስሳ፣ ሌላ ወሬ የላትም አላት። "እንግዲያው ስማቸውን ላክልኝ።" ዐሥር ስም በድምፅ ቀርጾ ላከላት።

ታኮ ስምንት እግር ያለው ፍጡር ነው። በጫማ ታኮ ያዘችውና፣ ይኼ ደግሞ ስንት ጫማ ሊገዛ ነው ብላ ብቻዋን ሳቀች። አሳሪ ሁለት ቅርፊቱን ገጥሞ አሸዋ ውስጥ የሚቀበር ነው፤ ፖሊስ ብላ ያዘችው። ሌላው ባለቅርፊት ካኪ ይባላል፤ እሱን በሟች ባሏ ሱሪ አስታወሰችው። ኩጂራ፣ ማለት ዓሣ አንበሪው፣ ከምንም አልገጥም ብሎ አስቸገራት፤ ወንፊቱን በነቀነቀች ቁጥር ኩጂራ፣ ኩጂራ ስትል ዋለች። አብራት የምታበጥረው እፀገነት ቀና ብላ፦

"እትዬ ሀብትነሽ፣ ዛሩ ምን አማረው? ይንገረንና እናዋጣለት" አለቻት።

"ኩጂራ ነው ያማረው" አለች ሀብትነሽ። "እሱ ደግሞ ኮኪት ገበያም አይገኝ።"

እሑድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ናጊሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ የፊት ጥርሷ ተሸርፏል። ሀብትነሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "ታኮ" አለች። ልጅቱ ዓይኗ ፈጠጠ። ሮጣ ሄዳ ባለስምንት እግር አሻንጉሊት ይዛ መጣች። "አሳሪ" ስትላት ቅርፊት አመጣች። "ኩጂራ" ስትላት እጆቿን እስኪበቃት ዘርግታ በሳቅ ፈረሰች። ሀብትነሽ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ዐሥሩም አለቀ። ልጅቱ ስልኩ ላይ ተደፍታ ጠበቀች። ነይ ልቀፍሽ፣ ያባትሽን ግንባር ነው የያዝሽው፣ የኔ ሆድ፤ ይኼን ሁሉ በምን ቋንቋ ትበላት? ጨነቃትና እንደገና "ታኮ" አለች። ልጅቱ እጇን አወዛወዘች፣ የሆነ ነገር ተናግራ ሮጠች።

"ምን አለች?"

ዋኘው ልጅቱ የጣለችውን አሻንጉሊት ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

"ንገረኝ እንጂ።"

"ደህና ሁኚ የዓሣዋ ሴትዮ፣ አለችሽ።"

"አያትሽ ናት አላልካትም?"

"ብያታለሁ እማዬ። አያቴማ ታች ቤት ናት ትላለች።"

ታች ቤት ያለችው የሚስቱ እናት ናት፤ ጠዋት ማታ የምታጎርሳት፣ ፀጉሯን የምታበጥርላት። ሀብትነሽ ከፋት፤ ምን ይደበቃል፣ አንጀቷ ነው የተቆረጠው። ሴትዮዋን ግን ልትጠላት አልቻለችም። ልጅቱም አልዋሸች፣ አያቷን ታውቃለች።

ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ስልኩን አፏ ድረስ አስጠጋችው።

"ዋኘው፣ ትሰማኛለህ? ሌላ ዐሥር ላክልኝ። የዓሣዋ ሴትዮ ቃል አለቀባት እንዳትለኝ።"