ሻንጣዬ ኮሎራዶ ሄደ፣ እኔ ዳላስ ቀረሁ

ጎበዝ፣ ዛሬ ጠዋት የባሌ እህት ሻንጣዬን ጭና እኔን ፓርኪንጉ ላይ ጥላኝ ሄደች!

ኮሎራዶ ተራራ ሥር፣ አልጋና ሻወር ያለው ድንኳን ተከራይታ "አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ለሁላችንም ፓክ አድርጊ" ብላኝ ነበር። ተራራው ማታ ይበርዳል ብዬ ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ጭኮና ቋንጣ አዘጋጀሁ። ከሥራም ኦፍ ወሰድኩ።

"ውይ የኔ እናት፣ ጓደኛዬ መጣችና ቦታ ሞላ" አለችኝ፣ ጋቢዬን እያስገባች።

"እኔስ?"

"አንቺ ደግሞ! ተራራ ላይ አይደል እንዴ ያደግሽው?"

ጓደኛዋ ከፊት ወንበር ሆና ሳቀች።

ሶ፣ እዚያ ድብ አለ። ሽታው ስለሚጠራው ምግብ ድንኳን ውስጥ አያድርም። ይሄን ልነግራት ነበር፤ ዋጥኩት።

ዕቃችሁን ወዶ እናንተን የጠላ ዘመድ ያላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። ደግሞ ምከሩኝ፦ ልደውልላት ወይስ ድቡ ይንገራት?